ከዱአ በኋላ ነገር የለም

አያ ሸምሱ በክርክር ቦታ ምላሱ ይተሳሰራል፤ በዱአ ቦታ ይፈታል። ከሚሴ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ገበያ ወርዶ በግ ሲገዛ፣ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሰምቶ «እንዲያው ትንሽ እንኳ...» ይልና ቀሪውን ይውጠዋል። ሻጩም ያችን ትንሽ ሳይቀንስለት ገመዱን ያስጨብጠዋል። ጎረቤት ድንበር ገፍቶ ቢያርስበት ሄዶ አጠገቡ ይቆማል፣ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቀዋል፣ ከዚያ የመጣበትን ሳያነሳ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«የሸምሱ አፍ የሰው ነው» ትላለች ሚስቱ ኡምኩልሱም። «ለእኛ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶልን አያውቅም።»

እጁን ለዱአ ሲዘረጋ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የጎበጠው ወገቡ ይቃናል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው፣ አማርኛው ከአረብኛው እየተጋባ እንደ ቦርከና ውሃ አንዱ ቃል ሌላውን እየገፋ ይወርዳል። ሙሽራ ሲገባ እሱ ይጠራል። ልጅ ስም ሲወጣለት እሱ ይጠራል። አረብ አገር የምትሄድ ልጅ ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ እሱን ትጠብቃለች። ይህ አፍ የአባቱ ነበር። አባቱ ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ለታላላቆቹ መሬቱን አከፋፍለው፣ ለእሱ ከከተማው በታች ያለችውን ዝቅተኛዋን ማሳ ሰጡትና «አነሰችብህ አይደል? አፌን ጨምሬልሃለሁ» አሉት ይባላል።

ያቺ ዝቅተኛ ማሳ የጨፋ ሜዳ ሊጀምር ሲል፣ ወራቤሳ ከሚባለው ቦረቦር ግርጌ ናት። ወራቤሳ በኦሮምኛ ጅብ ነው፤ ድሮ ጅብ ያድርበት ነበርና። አሁን ጅቡም ሸሽቷል። የከተማው ቆሻሻ መደፋት የጀመረው ሪሀና የምትባለው የመጨረሻ ልጁ ገና ስትድህ ነው። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ለጊዜው ነው አያ፣ ሌላ ቦታ እስኪገኝ» አለው። አያ ሸምሱም «እሺ፣ አላህ ያግዛችሁ» አለ። ሪሀና ቆመች፣ ሄደች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ተድራ ባቲ ስትሄድ ቆሻሻው አሁንም ለጊዜው ነበር።

በበጋ ነፋሱ ፌስታሉን ያመጣዋል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ በሚቀረው ጉቶ፣ በቆሮው ላይ ሁሉ ይንጠለጠላል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። አጥሩ ላይ ያለው ግራር በሩቅ ላየው ያበበ ይመስላል። ላም ደግሞ ፌስታል ትወዳለች። ጨው ይዞ ነበር፣ ሽሮ ይዞ ነበር፣ የወጥ ፍርፋሪ ይዞ ነበር፤ ሽታው አይለቅም። ቡሬ የምትባለው ላሙ ስትሞት ሉካንዳ ያለው ሙህዲን መጥቶ ከፈታት። ከሆዷ ያወጣው ነገር እንደ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነበር። ሙህዲን ቢላዋውን ሣር ላይ እየጠረገ፣

«አያ ሸምሱ፣ ይቺ ላም ናት ወይስ ሱቅ?» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሙህዲን ራሱ አልሳቀም። አንዱን ፌስታል በጫማው ጫፍ ሲገላልጠው ጽሑፉ እንኳ አልለቀቀም ነበር።

ከቡሬ በኋላ የቀረችው ዳለቻ ናት። ዳለቻን ከባቲ ገበያ ያመጧት ሪሀናን ሊጠይቁ የወረዱ ጊዜ ነው። አያ ሸምሱ ሻጩን የአፋር ሰውዬ ገና ሰላም ሲል ኡምኩልሱም ወደ ኋላ ጎትታው ራሷ ገባችበት፤ ተጨቃጭቃ፣ ሄዳ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ሄዳ ገዛቻት። ግራጫ፣ ቀንደ ቀጭን፣ ሰው የምትለምድ ጊደር ነበረች። አሁን አርግዛለች። ለመስከረም ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል። በዚያ ቤት ከዚህ ሌላ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። ማሽላው ባለፈው ዓመት ፍሬ አልያዘም፣ ወንዶቹ ልጆች ከወጡ ቆይተዋል፤ ወተት የሚኖረው ዳለቻ ከወለደች ነው። ስለዚህ ኡምኩልሱም ጠዋት ጠዋት ቅርጫት ይዛ ማሳው ላይ ፌስታል ትለቅማለች። አገዳውን ለላሟ ከመስጠቷ በፊት አንድ በአንድ ታራግፈዋለች፤ ሩዝ የምትለቅም ይመስላል።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ በየሰፈሩ ዞረ። በኦሮምኛም በአማርኛም ይጣራል፤ የአካባቢ ጥበቃና የደረቅ ቆሻሻ ረቂቅ ደንብ ወጥቷል፣ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበታል፣ ነገ ጠዋት አዳራሽ ተገኙ።

ኡምኩልሱም ቅርጫቷን አስቀመጠች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«በል እስቲ በለው።»

«ምኑን?»

«ነገ የምትለውን ነዋ! ቁም። እኔን እነሱ አድርገኝ።»

አያ ሸምሱ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ወራቤሳ ላይ የሚደፋው ቆሻሻ... እንዲያው ቢቻል...»

«ቢቻል አትበል!»

«ከወራቤሳ ይነሳልን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

«ላማችን ሞተች አትልም? ሌላዋ እርጉዝ ናት አትልም? ዝናብ ሲጥል እላያችን ላይ ይወርዳል አትልም?»

«እነሱም ያውቁታል እኮ ኡምዬ።»

«ምኑን ያውቁታል! ከሆዷ ሲወጣ ያየነው እኛ ነን።» ወደ እሱ ቀረብ ብላ በሌላ ድምፅ ተናገረች። «ደግሞ ስማኝ። መርቅ ቢሉህ እንዳትነሳ።»

አያ ሸምሱ ደነገጠ። «ዱአ ተጠይቄ እንቢ ልበል?»

«ጉሮሮዬን አሞኛል በል።»

«ዋሽ ነው የምትይኝ?»

«እንግዲያው ነገርህን አስቀድም። ተናገርና ከዚያ እስኪመሽ መርቅ። መጀመሪያ መርቀህ ግን እንዳትናገር፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። በዚያ አገር ልማድ በአንድ ጉዳይ ላይ እጁን ዘርግቶ ዱአ ያደረገ ሰው፣ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ ተከራካሪ አይሆንም። ነገሩን ለአላህ አስረክቧል። የደም ነገር እንኳ ሲታረቅ ሽማግሌዎቹ መራቂውን የሚመርጡት ከሁለቱም ወገን ካልሆነ ሰው ነው። የመረቀ አፍ ከከሰሰ ምርቃቱም ይረክሳል፣ ክሱም አይሰማም። አያ ሸምሱ በዕድሜው ሙሉ ይህን ደንብ ጥሶ አያውቅም። ጥሶት ቢሆን ኖሮ ማን ይጠራው ነበር?

በማግስቱ ንጹህ ሽርጡን አገለደመ፣ ነጭ ኮፍያውን አጠለቀ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። መንገዱን ሁሉ «ከወራቤሳ ይነሳልን፣ ላማችን ሞተች፣ ሌላዋ እርጉዝ ናት» እያለ ሄደ። አንድ ባለ ባጃጅ ዚክር የሚያደርግ መስሎት ዝግ ብሎ አሳለፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። በየወንበሩ ላይ አንዳንድ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። አያ ሸምሱ ከኋላ በኩል ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ሲል ሙጂብ አየው። ሙጂብ ስብሰባውን የሚመራው የጽሕፈት ቤት ሰው ነው። የዚሁ ከተማ ልጅ፣ የዘምዘም ልጅ ነው፤ ስም ሲወጣለት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ የመረቀው አያ ሸምሱ ነው። ሙጂብም ይህን ከእናቱ ሲሰማ ስላደገ ባገኘው ቁጥር ትከሻውን ይስማል።

«አያ ሸምሱ! አከም ቡልተ?»

«ነጋ፣ ደህና አደርኩ ልጄ። አልሃምዱሊላህ።»

«እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ይምጡ!» ክንዱን ይዞ ወስዶ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከእድሜ እኩያው ከሙሀመድአሚን አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጥቶ ሕዝቡን ሰላም አለና፣

«እንደ አገራችን ወግ ስብሰባችንን በአባቶች ዱአ እንከፍታለን። ሌላ ሰው አንፈልግም፤ አያ ሸምሱ እዚሁ አሉ» አለ።

አያ ሸምሱ ተነሳ። ዱላውን በሁለት እጁ ጨበጠ። የኡምኩልሱም ፊት መጣበት።

«ልጄ ሙጂብ... መጀመሪያ አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ።»

«ትደርሳለች አያ፣ የውይይት ሰዓት አለን። ከዱአ የሚቀድም ነገር አለ እንዴ?»

ሰዉ ሳቅ አለ፤ የፍቅር ሳቅ ነው። ከኋላ ባለ ሱቁ ዓብዱ፣ ማሽላም የሚዘራው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያ ሸምሱ፣ ዝናቡን እንዳትረሳ! ዘሬ አፈር ውስጥ ተቆልቶ ቀረ!» አለ።

«ኤዬ፣ ዝናቡን!» አሉ ሌሎች።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስንት እጅ እንደተዘረጋ አየ። የገበሬው የተሰነጣጠቀ መዳፍ፣ የሴቶቹ ሂና የነካው ጣት፣ ሙጂብ እንኳ ማይክሮፎኑን ብብቱ ስር ወሽቆ ሁለት እጁን ዘርግቷል። ዱአ ተጠይቆ የተዘረጋ እጅ ባዶውን አይመለስም። ዱላውን ለሙሀመድአሚን ሰጠውና እጁን አነሳ።

«ቢስሚላህ። ያ ረቢ፣ ያ ከሪም። ከሚሴን ከዓይን፣ ከነገር፣ ከእሳት ጠብቅልን።»

«አሚን!»

«ጨፋን በእህል ሙላልን። የወጣውን በሰላም መልስልን። የዘራውን ሰው አታሳፍርብን። ዝናቡን አውርድልን፤ ቦርከና ይሙላ፣ ቦረቦሩ ሁሉ ይሙላ፣ መሬቱ ጠጥቶ ይጥገብ።»

«አሚን! አሚን!»

ቃሉ ይመጣል፣ አይጠራውም፣ ይመጣል። እና እንደ ልማዱ፣ ስብሰባ በመረቀ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ መዝጊያውን አለ።

«እዚህ የተሰበሰቡትን ልባቸውን አንድ አድርግላቸው። ያሰቡትን ከዳር አድርስላቸው።»

«አሚን!»

ፊቱን በመዳፉ አበሰና ተቀመጠ። ዱላውን ከሙሀመድአሚን ተቀበለ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

ረቂቁ ተነበበ። ረጅም ነው። ቀጭን ፌስታል መሸጥም መያዝም ይከለከላል ሲባል ዓብዱ ተነሳ።

«እሺ ይከልከል። ስኳሩንስ በምን ልስፈርለት? በኪሱ?»

«ዘንቢል ይያዝ!» አለ አንዱ።

«ዘንቢል የያዘ ወንድ አንተ መጀመሪያ አሳየኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰዒዳ የምትባል ጉሊት የምትሸጥ ሴት ማይክሮፎኑን ተቀብላ፣ ቆሻሻ የጣለ ይቀጣል የሚለውን አንስታ ጠየቀች፤ «ቲማቲሜ ሲበሰብስ የት ልጣለው? ገንዳ አላያችሁልኝም፣ ቅጣቱን ግን አይታችሁልኛል።» ተጨበጨበላት። ሙጂብ በትዕግሥት ጻፈ። «ይኼ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው እትዬ ሰዒዳ፣ ገንዳው ይገባል» አለ። እውነቱን ነበር፤ በኋላም ገንዳው ገባ።

ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረሱ። እስካሁን ለጊዜው ሲያገለግል የቆየው የወራቤሳ ቦታ ቋሚ የቆሻሻ ማስወገጃ ይሆናል። ይታጠራል። በአካባቢው እንስሳ ያሰማራ ባለቤት ይቀጣል።

አያ ሸምሱ እጁን አወጣ።

ሙሀመድአሚን የሽርጡን ጫፍ ያዝ አደረገው። «ሸምሱ። ምን ልትል ነው?»

«ላሞቼን...»

«አሁን ‹ያሰቡትን ከዳር አድርስላቸው› ብለህ እጅህን ያነሳኸው አንተ አይደለህም? ዱአህን ራስህ ልትሰብረው?»

ከጀርባቸው የነበረ ሰው ሰማና «ዋ! ከዱአ በኋላ ነገር የለም» አለ። አንዲት ሴት «አስተግፊሩላህ» አለች። ክፋት አልነበራቸውም። ዝናብ የለመኑበት ዱአ ነው፤ እንዲረክስባቸው አልፈለጉም።

ሙጂብ ግን አይቶታል። «አያ ሸምሱ እጅ አውጥተዋል። ቅድም ጉዳይ አለኝ ብለውን ነበር። ይናገሩ አያ፣ ማንም አያቋርጥዎትም።» ራሱ ወርዶ ማይክሮፎኑን አስያዘው።

አያ ሸምሱ ቆመ። ይህን ያህል ሰው አፉን እየጠበቀ ዝም ያለበት ጊዜ በዕድሜው ከዱአ በቀር አልነበረም። ከወራቤሳ ይነሳልን። ላማችን ሞተች። ሌላዋ እርጉዝ ናት። ሦስቱም እዚያው ጉሮሮው ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አፉን ከፈተ። ማይክሮፎኑ ትንፋሹን ለሕዝቡ አሰማ።

«አላህ...» አለ። «አላህ መልካሙን ያድርግ።»

«አሚን!» አለ አዳራሹ፣ እፎይ ብሎ።

ሙጂብም ፈገግ አለ። «የወራቤሳ ጎረቤት አያ ሸምሱ ናቸው፤ እሳቸው ከመረቁት ሌላ ምን እንፈልጋለን?» እጅ አውጡ ሲባል እጅ ሁሉ ወጣ። አያ ሸምሱ እጁን ያውጣ አያውጣ አላስታወሰም።

ሲመለስ ኡምኩልሱም አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ።»

«ምን አልክ?»

ዱላውን ግራሩ ላይ አስደገፈ። ኮፍያውን አወለቀ። እንደገና አጠለቀ።

«አስመረቁህ» አለች።

ትጮኽብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። እሷ ግን ቅርጫቷን አንስታ ወደ ማሳው ወረደች። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አላነሳችበትም።

ዝናቡ በሐምሌ መጣ። እንዴት ያለ ዝናብ! የተቆላው ዘር ሁሉ ነቃ፤ ያልነቃውን እንደገና ዘሩት። አያ ሸምሱ ለጁምአ መስጊድ ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ እጁን ይስመዋል። «ዱአህ ደረሰ አያ! ማሻ አላህ፣ ይቺን አፍ አላህ ያኑራት!» ዓብዱ ከሱቁ ሮጦ ወጥቶ ስኳር ሰጠው። በፌስታል ቋጥሮ ነው የሰጠው። «ደንቡ ገና አልጸደቀም፤ አትክሰሰኝ!» ብሎ ሳቀ። አያ ሸምሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

በሐምሌ መጨረሻ አንድ ሰኞ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ወራቤሳ ተነሳ። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ እንደ ብዙ መኪና። ከዚያ ውሃው መጣ፣ ውሃ አይባልም፤ የሪሀናን ዕድሜ የሚያህል ቆሻሻ ተነቅሎ ወረደ። ጉልበት የደረሰውን ማሽላ አስተኛው። የዳለቻን አገዳ ክምር ከስሩ ገብቶ በተነው። ኡምኩልሱም ላሟን ፈትታ ወደ ከፍታው ስትጎትት፣ አያ ሸምሱ ክምሩን በእጁ ሊይዘው ሞከረ። አንድ ክምር በሁለት እጅ እንዴት ይያዛል?

ሲጎድል ማሳው ከዳር እስከ ዳር ፌስታል ለብሶ ነበር። የቀረው አገዳ ከሱ ጋር ተጣብቆ፣ ተጣሞ፣ ተቀብሯል። ኡምኩልሱም አጠበች፣ አራገፈች፣ ለቀመች። ሰው ሁሉን አያይም። ላም ደግሞ ሲርባት አትመርጥም።

ዳለቻ በነሐሴ ማመስኳት አቆመች። ጎኗ በግራ በኩል ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆነ። ዘይት አጠጧት፣ አንቀሳቀሷት፤ ከክሊኒክ የመጣው ሐኪምም መርፌ ወግቶ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሙህዲን ተጠርቶ መጣ። ሆዷን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና ከአያ ሸምሱ ዓይን ዓይኑን አሸሸ።

«ሳትሞት ትታረድ። ከሞተች በክት ናት፣ ሥጋዋ እንኳ አይተርፋችሁም።»

«ሆዷ ውስጥ ያለውስ?» አለ አያ ሸምሱ።

ሙህዲን ቢላዋውን ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር።

አንገቷን ወደ ቂብላ አዞሩት። አያ ሸምሱ ቀንዷን ይዟል። ሰው የለመደች ላም ናት፤ የሚያክካት መስሏት አንገቷን ዘረጋችለት። ሙህዲን «ዱአ አድርግባት አያ፣ ይቅለላት» አለው። አያ ሸምሱ ከንፈሩን አላወሰ። ምንም አልወጣም። «አንተ በልባት፣ አንተው በልባት» አለ። ሙህዲን ቢስሚላህ ብሎ ጨረሰ።

ጥጃዋ ሴት ነበረች። ፀጉር አውጥታ ነበር።

ኡምኩልሱም በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዶማ ይዛ ልትቀብራት ወረደች። አያ ሸምሱ ከሩቅ ያያታል። አንድ ቦታ ቆፈረች፣ ተወችው፤ ፈቀቅ ብላ ሌላ ቆፈረች፣ ተወችው። ሲቀርባት ዶማው በሚያነሳው አፈር ሁሉ ውስጥ ፌስታል አለ። «ንጹህ ቦታ ፈልጌ ነበር» አለች። በመጨረሻ ግራሩ ስር፣ የሥሩን ጥግ ፈልፍለው አስገቧት።

ደንቡ ጸደቀ። ወራቤሳ በቆርቆሮና በሽቦ ታጠረ፤ ትልቅ በር ተሠራለት። በጥቅምት አንድ ጠዋት ሙጂብ ብቻውን መጣ። ፍልውሃ ደርሶ የመጣ ሰው ይመስል ፊቱ ያበራል። ባለቤቶቹ ሳያቀርቡለት ራሱ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ግቢውን አየ፣ ባዶውን በረት አየ።

«ላሟ የት ሄደች?»

«ታረደች» አለች ኡምኩልሱም ከበሩ።

ነገሩን ባጭሩ ነገረችው። ሙጂብ አንገቱን ደፋ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አያ፣ ለምን አልነገሩኝም?» ልቡ ተነክቷል፤ ድምፁ ያስታውቃል። «ከመንገዱ ማዶ፣ ኮረብታው ጀርባ ሌላ ቦታ ተጠንቶ ነበር እኮ። ሁለት አማራጭ ይዘን ነው ሕዝብ ፊት የቀረብነው። ወራቤሳ ላይ ተቃውሞ ቢነሳ ወደዚያ ልንወስደው ነበር። አንድ ሰው ቢናገር ይበቃ ነበር። ማንም አልተናገረም።»

አያ ሸምሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከእግሩ ስር አንዲት ሰማያዊ ፌስታል ግማሽዋ ተቀብራ ግማሽዋ በነፋስ ትርገበገባለች። በዱላው ጫፍ ጫን አደረጋት። ዱላውን ሲያነሳ እንደገና ተነሳች።

«አሁን መቀየር አይቻልም?» አለች ኡምኩልሱም።

«ታጠረ እኮ እትዬ። በጀቱም ገባበት።» ሙጂብ ሊሄድ ይፈልጋል፣ የመጣበትን ግን አልተናገረም። «እኔ እንኳ የመጣሁት... ሐሙስ ይመረቃል። እንግዶች ይመጣሉ። ዱአ እንዲያደርጉልን ነበር። እንግዲህ እንዲህ ከሆነ አላስቸግርም...»

«ጉሮሮውን ያመዋል» አለች ኡምኩልሱም ፈጥና።

ሙጂብ ወደ አያ ሸምሱ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ልመና አለ፤ ደግሞ እንቢ ቢለው እንደሚረዳው ያስታውቃል። የእንቢታው በር ክፍት ነበር። አንድ ጊዜ ራሱን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር።

«አላመመኝም» አለ አያ ሸምሱ። «እመጣለሁ።»

ሐሙስ ሄደ። ንጹህ ሽርጡን አገልድሞ፣ ነጭ ኮፍያውን አጥልቆ። ሪባን ታስሯል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የታሸገ ውሃ ታድሏል። ሙህዲን ከሰው ኋላ ቆሞ ሲያየው ፊቱን አዞረ። አያ ሸምሱ እጁን አነሳ። በላሟ ጊዜ የጠፋው ቃል ዛሬም ይጠፋል ብሎ አስቦ ነበር፤ እንዲያውም ጠፍቶ ሕዝብ ፊት ዝም ብሎ ቢቆም ምናልባት አንድ ሰው ‹ምን ሆንክ?› ይለው ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ቃሉ ግን መጣ። እንደ ወትሮው አንዱ አንዱን እየገፋ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛው እየተጋባ መጣ። እንግዶቹ «ምን ዓይነት አፍ ነው!» ሲባባሉ ሰማ።

ዝናቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰዉ እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ።

«ዝናቡንም አያ!» አለ ዓብዱ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስታውሰው።

«ዝናቡንም» አለ አያ ሸምሱ።

«አሚን!»

በሩ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ፣ የመጀመሪያው መኪና ገባ። አያ ሸምሱ ለምሳ ሳይቆይ ወጣ። ወደ ማሳው የምታቋርጠው የድሮዋ መንገድ በአጥሩ ውስጥ ቀርታለችና ዙሪያውን ዞሮ፣ ሽቦውን ተከትሎ ወረደ። ከታች፣ ከቆሮው መካከል የኡምኩልሱም ጀርባ ይታየዋል። ጎንበስ ትላለች፣ ታነሳለች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ትጥላለች። አጠገቧ ደርሶ ቆመ።

«ኡምዬ» አላት። «ላም እኮ የለንም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ቀና ሳትል፣ መልቀሟንም ሳትተው።